የዘርፌ ላፕቶፕ አልነሳም ያለ ጊዜ

ረቡዕ ግንቦት 7 ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ የወይዘሮ ዘርፌ ላፕቶፕ አልነሳም አለ። ዘርፌ በጎሽ ውኃ ከተማ ፍርድ ቤት በር ላይ ጠረጴዛ ዘርግታ ለባለጉዳይ አቤቱታ ትጽፋለች። ሥራውን ከጀመረች አሥራ ዘጠኝ ዓመት አልፏል። ላፕቶፑን የገዛችው ጥር 16 ቀን ነው። ከርካሾቹ ሁሉ ርካሹ ነበር፤ ሜሞሪው ሁለት ጊጋ፣ ማከማቻው ሠላሳ ሁለት ጊጋ። በማግስቱ ጠረጴዛዋ ላይ የእንጨት ሰሌዳ አቆመች፤ «በኮምፒውተር ብቻ እንጽፋለን። በእጅ አንጽፍም» ይላል። ሰሌዳውን የጻፈችው በእጇ ነው።

ከአንድ ቀን በፊት ላፕቶፑ ከስልኳ ኢንተርኔት ስቦ ራሱን ማደስ ጀምሮ ነበር። አዲሱ ሲስተም አሮጌውን ቦታ ልቀቅ አለው፤ አሮጌው የት ልሂድ አለ። ከዚያ ወዲያ ስክሪኑ ላይ አንዲት ክብ ትዞራለች እንጂ ሌላ ነገር የለም።

በላፕቶፑ ሆድ ውስጥ የጋሽ ወንዳፍራሽ ይግባኝ አለ፤ አሥራ አራት ገጽ። ጋሽ ወንዳፍራሽ ጡረታ የወጡ የመንገድ ሥራ ሾፌር ናቸው። የሥር ፍርድ ቤት የቤታቸውን ግማሽ ለጎረቤታቸው ፈርዶባቸዋል። የይግባኙ ጊዜ ሐሙስ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ያበቃል። መዝገብ ቤቱ በእጅ የተጻፈ ይግባኝ አይቀበልም።

«ልጄ፣ ይሄ ነገር እየዞረ ነው፤ እየሠራ ይሆን?» አሉ ጋሽ ወንዳፍራሽ አንገታቸውን አስግገው።

«መዞር ሥራ ቢሆን ኖሮ ለእርስዎ እስካሁን ይፈረድልዎ ነበር፣ ጋሽዬ።»

ላፕቶፑን አቅፋ ወደ ይሁኔ ሄደች። ይሁኔ ከመናኸሪያው ጀርባ ስልክና ኮምፒውተር ይጠግናል። ከፈተው፣ አየው፣ ዘጋው።

«እትዬ ዘርፌ፣ ማሽኑ አልተበላሸም። ሲስተሙ ከበደው። በዚህ አቅም የሚችለው ሊኑክስ የሚባለው ሲስተም ነው፤ ቀለል ያለውን እጭንልሻለሁ።»

«ይግባኙስ?»

«ሊኑክሱ ከፍላሽ ላይ ይነሳል። ከተነሳ የላፕቶፑን ሆድ ይከፍትልናል፤ መጀመሪያ ይግባኙን እናወጣለን።»

«አማርኛ ይጽፋል?»

«ካንቺ ፈጥኖ።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?»

«ፍላሽ።»

ሊኑክሱ በይሁኔ ላፕቶፕ ላይ ወርዶ ተቀምጧል፤ ባትሪውም ለአንድ ሥራ የሚበቃ ቻርጅ አለው። ፍላሹን ግን ለባለ ፎቶ ቤቷ ለእማዋይሽ አውሷታል። ዘርፌ ከሱቅ ልግዛ ስትለው ሳቀባት። «የሱቁ ላዩ ላይ ስልሳ አራት ጊጋ ይላል፤ ሆዱ አራትም አይሞላ። ሦስት ገዝቼ ሦስቱንም ጥያለሁ። የኔን አምጪልኝ።»

ይግባኙ ያለ ላፕቶፕ አይወጣም፤ ላፕቶፑ ያለ ሊኑክስ አይነሳም፤ ሊኑክሱ ያለ ፍላሽ አይገባም። ዘርፌ ወደ እማዋይሽ ሄደች።

እማዋይሽ ከፎቶ ቤቷ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ የሙሽራ ፎቶ ፍሬም ትወለውላለች።

«እማዋይሽ፣ ይግባኙ ያለ ላፕቶፕ አልወጣም አለኝ፤ ላፕቶፑ ያለ ሊኑክስ አልነሳም አለኝ፤ ሊኑክሱ ያለ ፍላሽ አልገባም አለኝ። ፍላሹን ስጪኝ።»

«ፍላሹ ውስጥ ሠርግ አለ።»

«የማን?»

«የዳኛው እህት። በይ አጥፊውና ይግባኙን ለማን እንደምታስገቢ አያለሁ።»

«ይሁኔ ላፕቶፕ ላይ እንገልብጠዋ!»

«የሰው ሠርግ ከቤቴ አይወጣም። አንዲት ሙሽራ ራሷን በሰው ስልክ ላይ አይታ የጮኸችብኝ ዓምና ነው። ሠርጉ ወደ እኔ ኮምፒውተር ካልተገለበጠ ፍላሹ አይራገፍም። ኮምፒውተሬ ደግሞ ያለ መብራት አይበራም።»

የሰፈሩ ትራንስፎርመር ከተቃጠለ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። ጄኔሬተር ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ባለወፍጮው ጋሽ ደባልቄ። የሰፈሩ ስልክ ሁሉ ቻርጅ የሚደረገው እሱ ቤት ነው። ወፍጮ ቤቱ ከእማዋይሽ ቤት ሁለት አጥር ይርቃል፤ ሽቦ ይደርሳል።

ዘርፌ ስትደርስ ጋሽ ደባልቄ ዱቄት ለብሶ በሩ ላይ ቆሟል።

«ደግሞ ምን ልሰካልሽ?»

«ጋሽ ደባልቄ፣ ይግባኙ ያለ ላፕቶፕ አልወጣም አለኝ፤ ላፕቶፑ ያለ ሊኑክስ አልነሳም አለኝ፤ ሊኑክሱ ያለ ፍላሽ አልገባም አለኝ፤ ፍላሹ ሠርጉ ሳይገለበጥ አልራገፍም አለኝ፤ ኮምፒውተሩ ያለ መብራት አልበራም አለኝ። ለእማዋይሽ ሽቦ ይሳቡላት።»

ጋሽ ደባልቄ እጁን ወደ በሩ ዘረጋ። ከመዝጊያው ሥር በጣውላ ላይ ሠላሳ ያህል ስልክ ተሰክቷል።

«ይታይሻል? ሦስት ሳምንት ሙሉ ሰፈሩ እዚህ ይመጣል። ሰክቶ ይሄዳል፣ ነቅሎ ይሄዳል። ስለ ትራንስፎርመሩ አንድ መስመር ማመልከቻ የጻፈ ግን የለም። ሁሉም ሌላው ጽፏል ይላል። ሰፈሩ የፈረመበት ማመልከቻ ገብቶ ማህተሙን ካላየሁ አንዲት ክንድ ሽቦ አልስብም።»

ዘርፌ ወደ ጠረጴዛዋ ተመለሰች። ሰዓቱ ዘጠኝ ሆኗል። ጋሽ ወንዳፍራሽ ከጠዋት ጀምሮ ከወንበራቸው አልተነሱም።

«እህሳ?»

«ምን እህሳ አለው፣ ጋሽዬ! ይግባኙ ያለ ላፕቶፕ አይወጣም፤ ላፕቶፑ ያለ ሊኑክስ አይነሳም፤ ሊኑክሱ ያለ ፍላሽ አይገባም፤ ፍላሹ ሠርጉ ሳይገለበጥ አይራገፍም፤ ኮምፒውተሩ ያለ መብራት አይበራም፤ ጄኔሬተሩ ያለ ማመልከቻ ሽቦ አይስብም።»

«ማመልከቻውስ?»

«ማመልከቻው ያለ...» አለችና ቆመች።

ጋሽ ወንዳፍራሽ መነጽራቸውን አደረጉ። ሰሌዳዋን ቀስ ብለው እንደ ተማሪ አነበቡላት። «በኮምፒውተር ብቻ እንጽፋለን። በእጅ፣ አንጽፍም።» መነጽራቸውን አወለቁ። «ሁሉም ሰው አልሰጥም አለሽ። የመጨረሻዋ እንቢ ባይ ማን ናት፣ ልጄ?»

ዘርፌ ሰሌዳውን አነሳች፣ ገለበጠችው፣ ጉልበቷ ላይ አስተኛችው። በላዩ ላይ የመስመር ወረቀት ዘረጋች። ከባለጉዳይ እስክሪብቶ ተዋሰች፤ የራሷ አልነበራትም። ማመልከቻው አንድ ገጽ ወጣው። የመጀመሪያው ፈራሚ ጋሽ ወንዳፍራሽ ናቸው። ቀኑ ሳይመሽ ሃያ ሰባት ሰው ፈረመ፤ ሐሙስ ጠዋት አርባ ሦስት ደረሰ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ማመልከቻው በከተማዋ የመብራት ቢሮ ማህተም ተመታበት። ጋሽ ደባልቄ ማህተሙን በአውራ ጣቱ አሸት አድርጎ አየ።

«ቀለሙ አልደረቀም» አለ። ሽቦውን ግን ሳበ።

ማመልከቻው ገባ፣ ጄኔሬተሩ ሽቦ ሳበ። ሽቦው ተሳበ፣ ኮምፒውተሩ በራ። ኮምፒውተሩ በራ፣ ሠርጉ ተገለበጠ፤ እማዋይሽ ቄጠማው እስኪጎዘጎዝ፣ ሙሽራው እስኪገባ ድረስ እያየች ሙሉ መሆኑን አረጋገጠች። ሠርጉ ተገለበጠ፣ ፍላሹ ተራገፈ። ፍላሹ ተራገፈ፣ ሊኑክሱ ገባ። ሊኑክሱ ገባ፣ ላፕቶፑ ነቃ። ላፕቶፑ ነቃ፣ ይግባኙ ከነአሥራ አራት ገጹ ተገኘ። ፕሪንተሩን ወፍጮ ቤት ወስደው ሰኩት። ወረቀቱ ሲወጣ ዱቄት ነክቶት ነበር፤ ጋሽ ወንዳፍራሽ እያንዳንዱን ገጽ እፍ እያሉ ተቀበሉ።

ይግባኙ ሐሙስ ከቀኑ አሥር ሰዓት ከአርባ ላይ በመዝገብ ቤት ተመዘገበ። በዚያው ዕለት ይሁኔ አሮጌውን ሲስተም አውጥቶ ሊኑክሱን በላፕቶፑ ላይ ጫነው። ላፕቶፑ በአርባ ሴኮንድ ይነሳል፤ ከማከማቻው ግማሹ ባዶ ነው።

ሐምሌ 2 ቀን ይግባኙ ያስቀርባል፣ ጎረቤትየው ቀርቦ መልስ ይስጥ ተባለ። ነሐሴ 19 ቀን አዲስ ትራንስፎርመር ተተከለ። ሊተክል የመጣው ባለሙያ ከዚያ ሰፈር የደረሳቸው ማመልከቻ አንድ ብቻ እንደሆነ፣ እሱም በእጅ የተጻፈ እንደነበር ተናገረ።

ለአዲስ ዓመት ዘርፌ ከላፕቶፑ ጋር የመጣውን ቦርሳ ልታጥብ ኪሶቹን ገለበጠች። ከውስጠኛው ኪስ አንድ ፍላሽ ወደቀ። ይሁኔ ሰክቶ አየው፤ ስምንት ጊጋ ነው፣ ይሠራል። በላስቲክ አብራው የታሰረች ወረቀት ነበረች፤ ላፕቶፑን በሸጠላት ሰው እጅ ተጽፋለች። «ሲስተሙ ከከበደው ይህን ይሰኩ። ሊኑክስ አለበት» ትላለች። ከግርጌዋ ቀን አለ፤ ጥር 16።