ትንፍሽ የማይባልበት ፊልም

ሰይፈሚካኤል የሚባል ጉረኛ ዳይሬክተር አንድም ሰው ትንፍሽ የማይልበት አስፈሪ የበቀል ፊልም ሠራ። በምረቃው ቀን፣ የተገደለች ሙሽራ ከመቃብር ወጥታ ገዳዮቿን ሁለት ሰዓት ሙሉ በዝምታ ስታሳድድ አዳራሹ ግራ ገባው። አንዱ «ድምፅ ልቀቁ እንጂ!» ብሎ ጮኸ፤ ሌላው የደነቆረ መስሎት ጆሮውን ኮረኮረ፤ የቀረው አንኮራፋ።

መብራቱ ሲበራ ዳይሬክተሩ በሩን አስዘጋና ጥቁር ሱፉን እያስተካከለ መድረክ ላይ ወጣ። «ይህ ፊልም የማይገባው ጅል ብቻ ነው። አስተያየት ሳይሰጥ የሚወጣ የለም!» አለ። ጅል መባልን ማን ይወዳል? ሁሉም ተራ በተራ እየተነሳ «ጥልቅ ነው»፣ «ረቂቅ ነው» አለለት።

በመጨረሻ ተራው አንዲት የጉሊት ሽንኩርት ነጋዴ ጋ ደረሰ። ሴትዮዋ ነጠላዋን ለቅሶ እንደሚደርስ ሰው አዘቅዝቃ ለበሰች። ቀስ ብላ መድረኩ ላይ ወጣችና አንገቷን ደፍታ እጁን ያዘችው።

«እግዜር ያጥናህ፣ ልጄ።»

«ማን ሞቶብኝ?» አለ ደንግጦ።

«ፊልምህ ነዋ!» አለችው። «ለመሆኑ ታሞ ነበር ወይስ ድንገተኛ ነው?»