ዝንጀሮዋ፣ ጥሩምባዋና የዜማው ቤት

ተረት ልነግራችሁ ነው። «ንገሪን» በሉኝ። አልሰማሁም፣ እንደገና! እንዲህ ነው። አንተ ደግሞ በሩን ዝጋው፤ ይሄ ተረት ጉም አለበት፣ እኔ ጉም እፈራለሁ።

ድሮ፣ እንስሳት አፍ በነበራቸው፣ ዕቃም መልስ በሚሰጥበት ዘመን፣ ዳር ዳሩ ገደል የሆነ አንድ ተራራ ነበር። ነሐሴ ሲገባ፣ ከቀትር በኋላ ጉም ይወርዳል። ጉም ሲወርድ ግልገሉም፣ ጥጃውም፣ የዝንጀሮ ልጁም በተሰማራበት ይቀራል። ጅብ ደግሞ ጉሙ ውስጥ ይገባና የእናት ድምፅ እያስመሰለ ይጣራል። «ነዪ ልጄ፣ ነዪ ልጄ» ይላል። የሄደ አይመለስም።

ስለዚህ የተራራው እንስሳት ዘዴ አበጁ። እመት ድኩላ አፋፉ ላይ ቆማ ትዘፍናለች፤ ጥሩምባ ነፊው አጠገቧ ቆሞ ያንኑ ዜማ አብሯት ይነፋል። ልጆቹ ጡት ሳይጥሉ የሚማሩት ቃል ነበር፦ «ሁለት ድምፅ አንድ ሆኖ ካልሰማችሁ፣ እናታችሁም ብትጠራችሁ እንዳትነቃነቁ።» አንዱን ድምፅ ጅብ ያስመስለዋል። ሁለቱን ግን አይችልም፤ ሁለት ጅብ ተስማምቶ አያውቅማ!

ዜማውም በየቀኑ ይለወጣል፤ ጅብ የትናንቱን ይሸመድዳልና። አባ ጃርት ከጀርባቸው አንድ እሾህ ነቅለው በየጠዋቱ አዲስ ኖታ፣ የዜማ ምልክት ማለት ነው፣ ብራና ላይ ይጽፋሉ። ብራናው የሚገለጠው ጉሙ ሲወርድ ብቻ ነው።

አንድ ዓመት ታዲያ የአሮጌው ነፊ ጥርስ ረገፈ። ጥርስ የሌለው ጥሩምባ አይነፋም። «ከንፈር ያለው ማነው?» ተባለ። ከንፈሯን ገልብጣ አፍንጫዋን የምትሸፍን እመት ዝንጀሮ ነበረች። «እኔ አልችልም» ልትል አፏን ከፈተች፤ ግን አንድ ልጇ ድንቡሼ ከግልገሎቹ ጋር ነው የምትውለው። አፏን መልሳ ዘጋችና ጥሩምባዋን ተቀበለች።

ለሙከራ አንድ ያለፈ ዓመት ብራና ተገለጠ። ብራናው «ዶ» ይላል፤ ከዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል የመጀመሪያዋ ድምፅ። ድኩላ ዶ ብላ ዘፈነች፤ ዝንጀሮም ዶ ብላ ነፋች። በጎች ጆሯቸውን ደፈኑ።

«ምን አጠፋሁ? የተጻፈውን ነው የነፋሁት!» አለች ዝንጀሮ።

«አንቺ አላጠፋሽም፣ የእኔ አፈጣጠር ነው» አለች ጥሩምባ። «ዶ ብለሽ ስትነፊኝ ከእኔ የሚወጣው ከድኩላ ዶ አንድ ደረጃ ዝቅ ያለ ነው። አሮጌው ነፊ ገና በዓይኑ እያነበበ ሁሉንም አንድ ደረጃ ከፍ ያደርገው ነበር።»

«እንዴት አድርጎ?»

«እሱን አልነገረኝም። እሱ ይነፋል፣ እኔ እጮሃለሁ።»

ጉሙ ሊወርድ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ዝንጀሮ እህል አልወርድ አላት። ተነሥታ ወደ ጉንዳን ሄደች።

«አያ ጉንዳን፣ ያን ሁሉ ተሸክመህ አንዲት ፍሬ አትጠፋብህም። አስተምረኝ።»

«አንድ በአንድ ነው» አለ ጉንዳን። «ዶ ያለውን ሬ በዪ። ሬ ያለውን ሚ በዪ። ሳትቆጥሪ አንዲት እንዳታልፊ።»

አንድ ሳምንት ቆጠረች። አልተሳሳተችም፣ እውነቱ ይነገር። ግን እሷ አምስተኛዋ ኖታ ላይ ስትደርስ፣ ድኩላ ዘፈኗን ጨርሳ ሣር እየነጨች ነበር። ሁለት ሳምንት ቀረ። ወደ እስስት ሄደች።

«እመት እስስት፣ አንቺ ዓይን የምትጨፍኚበትን ያህል ሳትቆዪ ትለወጫለሽ። አስተምሪኝ።»

«ኖታዎቹን ማን ንኪያቸው አለሽ?» አለች እስስት። «የተጻፉባቸውን መስመሮች ሌላ ልብስ አልብሻቸው። ታችኛውን መስመር ሚ ነበር የምትይው? ከዛሬ ጀምሮ ስሙ ፋ ነው። ከሱ በላይ ያለውም እንደዚያው። ከዚያ ዝም ብለሽ አንብቢ።»

ይሄኛው ሠራ! በሳምንቱ ዝንጀሮ ከድኩላ እኩል ሮጠች። ፎይ ልትል ስትል እስስት አንድ ዓይኗን አዞረች።

«ይሄ ግን አንድ ልብስ ነው። ድኩላ ድምጿን ከለወጠች ሌላ ልብስ ያስፈልግሻል። እኔ ሰባት አለኝ፤ አንቺ አንዱን ነው የያዝሽው።»

«ለምን ትለውጣለች?»

«ጉሮሮ ነው እኮ፣ ናስ አይደለም።»

ከዚያች ቀን ጀምሮ ድኩላ ባነጠሰች ቁጥር ዝንጀሮ ትደነግጣለች። አንድ ሳምንት ሲቀር፣ ሌላ የምትጠይቀው ስታጣ፣ ወደ እማማ ኤሊ ሄደች። «ስለ ፍጥነት ኤሊ ምን ታውቃለች?» እያለች ነው የሄደችው። እናንተም ብትሆኑ እንዲሁ ትሉ ነበር።

«ልጅሽን በምን ታስተኛታለሽ?» አሉ እማማ ኤሊ።

«እሹሩሩ እላታለሁ።»

«ሲደክምሽ?»

«ድምፄን ዝቅ፣ ወፈር አድርጌ።»

«ስታለቅስብሽስ?»

«ከፍ፣ ቀጠን አድርጌ።»

«ያን ጊዜ ደረጃ ትቆጥሪያለሽ? ልብስ ትለውጫለሽ?»

«ኧረ እማማ፣ የምን መቁጠር!»

«ዜማው ግን ያው ነው?»

«ያው ነው።»

«ዜማ እንደ እኔ ነው፣ ቤቱን ተሸክሞ ይሄዳል» አሉ። «መጨረሻ ላይ ገብቶ የሚያርፍባት ድምፅ አለች፤ ቤቱ እሷ ናት። መጀመሪያ ዘፋኟ ቤቷን የት እንደሠራች ስሚ። በልብሽ አንጎራጉሪው። ከዚያ እያንዳንዷን ኖታ፣ ‹ከቤት ስንት እርምጃ ነሽ?› በያት፤ ሌላ አትጠይቂያት።»

ከዚያም ያችኑ እሹሩሩ በጥሩምባ አስነፏት። ዛሬ ከዝቅተኛው ድምፅ ተነሺ፣ ነገ ከከፍተኛው፣ ከነገ ወዲያ ከመሃል። «እማማ፣ ጊዜ የለኝም!» ብላ አለቀሰች። «እኔስ ሞልቶኛል፤ ድገሚው» አሉ።

ነሐሴ በገባ በሦስተኛው ቀን ጉም ወረደ። እንዴት ያለ ጉም! ዝንጀሮ እጇን ዘርግታ ጣቷን አላየችውም። ልጆቹ ሩቅ ነበሩ። ድኩላ እያሳለች መጣች።

«ጉንፋን ጣለኝ» አለች በሻከረ ድምፅ። «ከፍ ያለው አይወጣልኝም። ሦስት ደረጃ ዝቅ አድርጌ ነው የምጀምረው።»

ዝንጀሮ ጥሩምባዋን ወደ ከንፈሯ አስጠጋች።

ብራናው አፍንጫዋ ሥር ተገለጠ። ዝንጀሮ ያችኑ አንዷን ልብስ አለበሰችና ነፋች። አልገጠመም። ጉሙ ውስጥ ኮሽ ያለ ነገር የለም። ከታች ጅብ «ነዪ ልጄ» አለ።

እንደገና ጀመሩ። አሁን ቆጠረች። «አንድ ወደ ላይ፣ ሦስት ወደ ታች፣ እንግዲያው ሁለት ወደ ታች፤ ሶል ያለው ሚ፣ ፋ ያለው ሬ...» ድኩላ በዜማው ጥላት ሄደች። ከገደሉ በኩል አንድ ግልገል ጮኸ፤ የጅቡም ድምፅ ወደዚያው ቀረበ።

«ለጉሮሮዬ የቀረው አንድ ጊዜ ብቻ ነው» አለች ድኩላ።

ዝንጀሮ ጥሩምባዋን ከከንፈሯ አነሣች።

«ምነው ተውሽኝ?» አለች ጥሩምባ።

«መጀመሪያ ቤቱን ልስማ።»

ድኩላ ዜማው የሚያርፍባትን ድምፅ በቀስታ አዜመችላት። ዝንጀሮ አብራት አንጎራጎረች፤ አንዴ፣ ሁለቴ። ድንቡሼን ደክሟት የምታስተኛበት ድምፅ ነበር። ከዚያ ዓይኗን ብራናው ላይ አደረገች። ይቺ ከቤት ሁለት እርምጃ፣ ይቺ አራት፣ ይቺ ደጃፍ ላይ ናት። ነፋች። ድኩላ ዘፈነች። ሁለቱ ድምፅ አንድ ሆነ።

ጉሙ ውስጥ ኮቴ ተሰማ። ግልገሎቹ መጡ። ጥጆቹ መጡ። የሚዳቋ ልጆች መጡ። ድንቡሼ አልመጣችም። ዝንጀሮ ትንፋሿ እስኪያልቅ ነፋች፤ ድኩላ ድምጿ ተዘጋ፤ ያኔ ከሁሉ ኋላ፣ ከገደሉ ጫፍ፣ ድንቡሼ ብቅ አለች። ጭራዋ ላይ የጅብ ምራቅ ነበረበት።

እናቷ አንገቷን አቅፋ፣ «ምነው ዘገየሽ? መጀመሪያ ስነፋ እኔ መሆኔን አላወቅሽም?» አለቻት።

«አውቄሻለሁ» አለች ድንቡሼ። «ግን አልገጠማችሁም። እናትም ብትሆን አትነቃነቂ ብለሽኛል፤ ተቀመጥኩ።»

ዝንጀሮ ልጇን አዝላ ቁጭ አለች፣ እያለቀሰች። በማግስቱ ዝንጀሮ ጉሙን አልጠበቀችም፤ ማልዳ ጥሩምባዋን ይዛ ለልምምድ እማማ ኤሊ ደጅ ተገኘች።

ቤቱን የሚያውቅ በጉምም ይገባል።

እኔ ተረቴን እዚህ አኖርኩት። የሚያነሣው ሰው፣ ለጉሮሮው ከሚመቸው ቦታ ያንሣው።