አንድ ሰዓት የሚያዳምጥ ሰው

አንዲት ምላሰኛ ዘፋኝ ስንት ዓመት የለፋችበትን አልበም ለፋሲካ ለማድረስ ወደ አንድ ሙዚቃ አሳታሚ ቢሮ ሄደች። አሳታሚው አቶ ማንደፍሮ በከተማው የተፈሩ ሰው ነበሩ፤ ወሬ ከጀመሩ ደግሞ የሚያቆማቸው የለም።

ገና ሳትቀመጥ ጀመሩ። "አልበም እኮ ሞቷል ልጄ! ከውስጡ ያለችውን የሠርግ ዘፈን ብቻ ስጪኝና ሌላውን እርሺው። የዛሬ ሰው አንዷንም ሳይጨርስ ወደ ሌላ ነው የሚዘለው" አሏት። ከዚያ ስለ ካሴት ዘመን፣ ስለ ወጣትነታቸው፣ ስለ ጉልበታቸው ሕመም ሳይቀር አወሩላት። የቀረበላት ሻይ ቀዘቀዘ። ጥግ ላይ የተቀመጠችው ጸሐፊያቸው በመዳፏ አፏን ሸፍና ታዛጋለች።

በመጨረሻ ጠረጴዛውን መታ አደረጉና፣ "አንድ ሰዓት ሙሉ ቁጭ ብሎ የሚያዳምጥ አንድ ሰው ከዚህ ከተማ ፈልገሽ አምጪልኝ፤ አልበምሽን ነገውኑ አወጣልሻለሁ!" አሉ።

ዘፋኟ ቀዝቃዛ ሻይዋን ፉት አለች።

"እንግዲያው ውሉን ያምጡልኝ ጋሼ፤ ከገባሁ ጀምሮ አንድ ሰዓት ሙሉ አዳምጬዎታለሁ። ምስክር ከፈለጉ ጸሐፊዎ አለች። ያውም ያለ ዜማ!"