ሸራው ያለቀ ፍሬን

ጆሯችሁን ወዲህ አምጡ፤ ተረቴን ቀስ ብዬ ላውርድ፣ እናንተም ቀስ ብላችሁ ስሙኝ።

ዕቃ ሁሉ አፍ በነበረው ዘመን ቢተው የሚባል ሾፌር አንዲት አሮጌ የጭነት መኪና ነበረችው። ቢተው መኪናውን ይወዳል። ጠዋት ጠዋት ወንዝ አውርዶ ያጥባታል፤ መስታወቷን ይወለውላል፤ ክላክሷን በጨርቅ ያብሳል። ከሆዷ በታች ግን ጎንበስ ብሎ አይቶ አያውቅም።

ከሆዷ በታች ፍሬን ይኖር ነበር። ፍሬን ፈሪ ነው፤ መፍራትም ሥራው ነው። ጎማውን የሚይዝበት ሸራ እየሳሳ እየሳሳ ሄዶ እንደ ወረቀት ሆኖበታል። «ይህ ሸራ ካለቀ ቁልቁለቱ ላይ መኪናዋን ማን ይይዛታል? ከታች ድልድይ አለ። ድልድዩ ላይ ሰው አለ» እያለ ይጨነቃል።

ጎረቤቶቹን ለመነ። «እባካችሁ፣ ለጌታችን ንገሩልኝ።»

ራዲያተር፣ «እኔ ውኃ ጠምቶኝ ስጮህ ማን ሰማኝ?» አለ።

ሞተር፣ «ዘይቴ እንደ ሬንጅ ጠቁሯል። የራሴ እያረረብኝ ያንተን ላማስል?» አለ።

ክላክስ ሳቀ። «እኔ በየቀኑ እወለወላለሁ። አንተም ፊት ለፊት ብትቀመጥ ኖሮ ይወለውልህ ነበር!»

ፍሬን፣ «እንግዲያው ራሴ እጮሃለሁ» አለ።

የገበያ ቀን ደረሰ። ቢተው ሽንኩርት ጭኖ፣ ሚስቱን አንጓችን ከጎኑ አስቀምጦ ቁልቁለቱን ጀመረ። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎም እንደ ልማዱ ማርሹን አወጣና መኪናዋን በፍሪ ለቀቃት።

ፍሬን ጮኸ፦ «ሲጥጥጥ!»

«ቢተው፣ ምንድን ነው የሚያለቅሰው?» አለች አንጓች።

«አቧራ ነው» አለና የሬዲዮውን ዘፈን ከፍ አደረገው።

ፍሬን ደግሞ ጮኸ፦ «ሲጥጥጥ!»

«ኧረ አንተ ሰው፣ ወርደህ እየው!»

«አንቺ ደግሞ! መኪና ሲያረጅ ማጉረምረም ይወዳል። ካልሰማሽው ይተዋል» አለና ዘፈኑን ይበልጥ ከፍ አደረገው።

ሦስተኛው ድምፅ ለቅሶ አልነበረም፤ ብረት ብረትን ሲያኝክ ነበር። ዘፈኑ ዋጠው።

ከመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ የተቀመጠ ዝንጀሮ ግን አየ። «ጌታው!» አለ። «ጎማህ እየጨሰ ነው! ሽንኩርቱን እዚሁ ልትጠብሰው ነው እንዴ?»

ቢተው በመስታወት ወደ ኋላ አየ፤ ጭስ። ፍሬኑን ረገጠ፤ እግሩ እስከ ወለሉ ሰመጠ። ከታች ድልድዩ ታየ። በላዩ ገበያተኛው ከነአህያው ሞልቶበታል።

ፍሬን እየነደደ ጮኸ፦ «ማርሽ ወንድሜ፣ ያዛት!»

«በምን ልያዛት? ነቅሎ አውጥቶኛል! እጁ ካልመለሰኝ ምን አቅም አለኝ?»

አንጓች ዘፈኑን ዘጋችው። «ስማ! አሁን እንኳ ስማ!»

ቢተው ያን ጊዜ ሰማ። «ማርሹን መልስ! ወደ ገደሉ አትይ፣ ወደ ተራራው አስጠጋት!» ይላል ፍሬን። ቢተው ማርሹን ታግሎ አስገባው። ሞተር አገሳ፤ «አረርኩ! አረርኩ!» እያለ መኪናዋን ያዛት። ክላክስም የሚስቅበት አፍ አጣና፣ «ዞር በሉ! ስለ እናታችሁ ዞር በሉ!» ብሎ ጮኸ። ሰው ተበተነ። መኪናዋ ጎኗን ከተራራው እየፋቀች፣ ሽንኩርቱን እያፈሰሰች፣ ድልድዩ አፍ ላይ ደርሳ ቆመች።

ማንም አልሞተም፤ ከፍሬን በቀር።

ቢተው ወረደ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከመኪናው ሆድ በታች ጎንበስ አለ። እጁን ዘርግቶ ፍሬንን ሊያቅፍ ቢል መዳፉን ፈጀው።

ፍሬን በመጨረሻ ትንፋሹ፣ «ጌታዬ፣ ሦስት ጊዜ ጠርቼህ ነበር» አለ።

«ምን ብለህ?»

«እየኝ ብዬ።»

ከዚያ ወዲህ ቢተው ሳያጎነብስ መንገድ ጀምሮ አያውቅም። ውኃውን ያያል፣ ዘይቱን ያያል፣ ሸራው ሳያልቅ ይቀይራል፤ ቁልቁለትንም ማርሽ አስገብቶ፣ ዘፈን ዘግቶ ይወርዳል። እጥበቱ ጊዜ ከተረፈ ነው። መኪናዋ አቧራ ለብሳ ስታልፍ ያዩ፣ «ቢተው ሰነፈ» ይሉታል። ይበሉት።

ልጆቼ፣ ሲያቃስት ያልጎበኙትን ሲሞት ቢያቅፉት ያቃጥላል።