ሼህ ጦይብ ያረፉባት ቀን

ከተራራ ጥግ በተቆረቆረች፣ መስጊዷ ከገበያዋ በፊት በተሠራባት በአንዲት የዱሮ ከተማችን ሼህ ጦይብ የሚባሉ ዓሊም ነበሩ። እኒህን ሰው ባነሳሁ ቁጥር ደረቴ ይነፋል፤ አልደብቅም። በየዓመቱ መውሊድ ሲቃረብ የከተማዋን ሰው ይዘው፣ ቀናት በእግር ተጉዘው ወደ አንድ ሩቅ ሐሪማ፣ መውሊድ ወደሚከበርበት የዱዓ ስፍራ፣ ይሄዳሉ። እዚያ የመውሊዱን ዱዓ የሚከፍቱት እሳቸው ናቸው፤ ቀርተው አያውቁም። በመንገድ ግን ከፊት አይሄዱም። የደከመውን ለማየት ሁልጊዜ ከኋላ ናቸው።

አንድ ዓመት እትዬ ዘምዘም የተባሉ ባልቴት አብረው ወጡ። ልጃቸው ከሞት አፋፍ ቢመለስላቸው «በእግሬ መጥቼ አመሰግናለሁ» ብለው ተስለው ነበር። መንገዱ ተጋምሶ ወንዝ ዳር ለዙህር ውዱእ ሲደረግ፣ ሼሁ ሴትዮዋ የረገጡት ድንጋይ ላይ ደም አዩ። እትዬ ዘምዘም በነጠላቸው ጫፍ ቶሎ ጠረጉት። ከታወቀ በቅሎ ላይ ያወጧቸዋል፤ ስለታቸው ይፈርሳል። ሼሁ ያላዩ መስለው ፊታቸውን አዞሩ።

ከሶላት በኋላ «ዛሬ እዚሁ እናድራለን፤ ነገም እናርፋለን» አሉ።

ከተጓዦቹ ጉልበተኛው ሽፋው ዘሎ ተነሳ። «ሼሆዬ፣ ካረፍንማ መውሊዱ ያመልጠናል! ማን ታሞ ነው?»

«አርፉ ብያለሁ።»

«ደከመኝ ይበሉና እንሸከምዎት እንጂ!»

ሰው ሳቀ። ሼሁ ደከመኝ ብለው አልዋሹም፤ አልደከመኝም ብለው አልተከራከሩም።

በነጋታው ውሃ አስፈልተው ጨው ጨመሩበት። «ሁላችሁም እግራችሁን ታጠቡ» ብለው መጀመሪያ የራሳቸውን ነከሩ። ወንዱም ሴቱም በየፊናው ታጠበ። አጂብ እኮ ነው! ሁሉም ሲታጠብ የማን እግር እንደቆሰለ ማን ይለያል? እትዬ ዘምዘም ዛፍ ጥላ ስር ሊታጠቡ ቢሄዱ፣ ከሼሁ ጥምጣም የተቀደደ ንጹህ ጨርቅ ተጣጥፎ ጠበቃቸው።

ሐሪማው ሲደርሱ ምንጣፉ እየተጠቀለለ ነበር። ዱዓውን ሌላ ሰው ከፍቶታል።

«ዘንድሮስ ሼህ ጦይብ አረጁ» አለ አንዱ።

«አረጁ እንጂ!» አለ ሽፋው። «ቀኑን ሙሉ እግር ሲያሳጥቡን ዋሉ።»

ይኼኔ እትዬ ዘምዘም አልቻሉም። እንባቸው ቀደማቸው። በጥምጣሙ ጨርቅ የተጠቀለለ እግራቸውን ከሰው ፊት ዘረጉት።

«የቆሰለው የኔ እግር ነው! ገበናዬን ሸፍነው፣ ስለቴን ጠብቀው፣ በእግሬ አደረሱኝ!»

ሽፋው የሼሁ ጉልበት ላይ ወደቀ። «አውፍ ይበሉኝ፣ ሼሆዬ።»

«አውፍ ብያለሁ፣ ልጄ። ግን የመንገድ ጓዱን ጥሎ የደረሰ ሰው፣ ምኑን ደረሰ?»

ወገኖቼ፣ ከኪሱ ሰደቃ የሚሰጥ አልሐምዱሊላህ ሞልቷል። ለሰው ገበና ብሎ የራሱን ስም የሚሰጥ ግን ስንቱ ነው? እኛ ቶሎ መድረስን ጉብዝና አድርገነዋል፤ ቆም ያለውን ሁሉ ሰነፍ እንላለን። ያን ዓመት ዱዓውን ማን እንደከፈተው ዛሬ በከተማችን የሚያስታውስ የለም። ሼሁ ያረፉባትን ቀን ግን የማያውቅ ልጅ አታገኙም።