እሱ ያዘዘውን ሁሉ ለእኔም

አንድ የብርድ ልብስ ነጋዴ ነበር፤ ስሙ አሰግድ ይባላል። በአንድ ትልቅ የገበያ ከተማ ውስጥ ሰፊ ሱቅ፣ ጢም ብሎ የሞላ መጋዘን፣ ጨዋ ሚስትና ሁለት ልጆች ነበሩት። ሰው ሁሉ "ምን ጎድሎበት!" ይለው ነበር። እሱ ግን አንድ ነገር አልሆነለትም፤ ከሱቁ ፊት ለፊት ያለው መርዕድ አዲስ ነገር ባገኘ ቁጥር የበላው ምግብ አይረጋለትም።

መርዕድ የጨርቅ ነጋዴ ነው። ሁለቱ ንግድ የጀመሩት አንድ ሸራ መሬት ላይ ዘርግተው፣ ግማሹን አንዱ ግማሹን ሌላው ይዞ ነው። ሀብት ከመጣ በኋላም ምሳ የሚበሉት ከአንድ ትሪ ነበር። የሚያያቸው ሁሉ የአንድ እናት ልጆች ይመስሉታል። አሰግድ ግን በዚያ ሁሉ ዘመን፣ ትሪው ላይ እንኳ ሳይቀር፣ የመርዕድን ጉርሻ በዓይኑ ይለካ ነበር።

በዚያ ገበያ አንድ ልማድ አለ። አንዱ ነጋዴ ቀይ ብርድ ልብስ አምጥቶ ገዢ ከተሰለፈለት፣ በሳምንቱ ሰፈሩ ሁሉ ቀይ ብርድ ልብስ ይሆናል። "ምን ይሸጣል?" ብሎ ራሱን የሚያስጨንቅ የለም፤ "እሱ ምን አራገፈ?" ብሎ መጠየቅ ይበቃል። አሰግድ በዚህ የተካነ ነበር። መርዕድ ያራገፈውን አይቶ ያንኑ አንድ ደረጃ ከፍ አድርጎ ያመጣል። እውነቱን ለመናገር ሀብታም ያደረገውም ይኸው ነው። ስለዚህ ዓይኑን ከመርዕድ ደጅ ላይ ማንሣት ለእሱ ሥራ መፍታት ማለት ነበር።

ታዲያ መርዕድ ለጥቂት ወራት ከገበያ ጠፋ፤ አሰግድም ዕቃ ሊያመጣ ርቆ የሄደ መሰለው። አንድ ጠዋት ግን መርዕድ በስፖርት መኪና መጣ። ወደ መሬት ዝቅ ያለች፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣሪያዋ የሚከፈት ጥቁር ሰማያዊ መኪና ናት። ገዢው ዋጋ መከራከሩን፣ ተሸካሚው ሸክሙን ትቶ ያያት ጀመር። አሰግድ በሱቁ በር ላይ ቆሞ ነበር። "እንኳን ደስ አለህ" እንኳ ሳይለው ዞሮ ወደ ውስጥ ገባ።

ከዚያ ወዲያማ ባሰ። መርዕድ ሌላ ቦታ የጠፋ ይመስል መኪናዋን የሚያቆማት ከአሰግድ ሱቅ ፊት ነው። ድሮ ከሩቅ እየሮጠ መጥቶ አንገቱ ላይ የሚጠመጠመው ሰው አሁን አይወርድም። እዚያው ቁጭ ብሎ ክላክስ ያደርጋል።

"ጉድ እኮ ነው!" ይላል አሰግድ በልቡ። "ጌታው ተቀምጦ በክላክስ ይጠራኛል። እኔ ደግሞ እንደ አሽከር ተንደርድሬ አቤት ልበለው!"

ጀርባውን ሰጥቶት ፈጠን ፈጠን እያለ ወደ ሱቁ ጓዳ ይገባል፤ መርዕድ ከፊቱ ዞር እስኪልም አይወጣም። አብሮ ምሳ መብላት በዚያው ቀረ።

አንድ ቀን ቁርስ ላይ ሚስቱ ትርንጎ "ስለ መርዕድ የሰማሁት ነገር አለ፤ እውነት ከሆነ እንኳ…" ብላ ስትጀምር አቋረጣት።

"ስለ መኪናው ከሆነ አልሰማም። ሁለተኛ ስሙን እዚህ ቤት አታንሺብኝ!"

የሱቁ ሠራተኞችም የመርዕድን ስም ሲያነሡ ፊቱ ሲጠቁር አይተው ዝም አሉ። ቅናት አጥንት ያነቅዛል ይባላል፤ ከአሰግድ ላይ ግን መጀመሪያ የበላው ጆሮውን ነው። ገበያው ሁሉ የሚያውቀውን ነገር የማያውቅ ሰው እሱ ብቻ ሆነ።

በመጨረሻ አልቻለም፤ መርዕድ መኪናዋን ወዳዘዘበት መሸጫ ሄደ። ሻጯ ትሑት ወጣት ነበረች። ወንበር ስባ አስቀመጠችውና ያለውን አማራጭ ሁሉ ታስረዳው ጀመር።

"ከሞተሩ እንጀምር ጋሼ። ባለ አራት፣ ባለ ስድስትና ባለ ስምንት ሲሊንደር አለን። ለከተማ ባለ አራቱ ይበቃል፤ ነዳጅም አይበላም።"

"መርዕድ የትኛውን ወሰደ?"

"እሳቸው ባለ ስድስቱን።"

"ባለ ስምንቱን ጻፊ።"

"ሞላውስ? ጠንካራው ፈጥኖ ለሚነዳ ይሆናል። ለስላሳው ደግሞ ጉድጓድ ላይ አያንገጫግጭም።"

"እሱስ?"

"ካለን ሁሉ ለስላሳውን ነው የመረጡት።"

"ተደላደለ በይኛ! ለእኔም እሱኑ።"

"ወንበሩ የሚያሞቅ አለ፣ የሚያቀዘቅዝ አለ፣ ጀርባ የሚያሽም አለ።"

"መርዕድስ?"

"ሦስቱንም።"

"ለእኔም ሦስቱንም። ሌላ ነገር የሚሠራ ወንበር ካላችሁ እሱንም ጨምሪበት።"

ሻጯ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እርስዎስ ምን ይወዳሉ? መፍጠን ነው? ረጅም መንገድ መሄድ ነው? ወይስ ዝም ብሎ ምቾት?"

አሰግድ ሊመልስ አፉን ከፈተ። የሚወደውን ነገር ውስጡ ገብቶ ቢፈልግ፣ ቢፈልግ፣ የሚያገኘው መርዕድን ብቻ ሆነ። በዕድሜው ሙሉ ይህን ጥያቄ የጠየቀው ሰው አልነበረም። ደነገጠ፤ ድንጋጤውን ግን በቁጣ ሸፈነው።

"ምን አገባሽ? እሱ ያዘዘውን ሁሉ ለእኔም። አንድ ነገር እንዳይቀር!"

"እሺ ጋሼ። አንድ ነገር ብቻ… ለእሳቸው ከመሪው ሥር በልዩ ትእዛዝ የተገጠመ የእጅ ማንሻ አለ። እሱ እንኳ ለእርስዎ አያስፈልግም።"

"ለእሱ አስፈልጎ ለእኔ የማያስፈልገው ከማን አንሼ ነው?"

"ማነስ አይደለም ጋሼ። የሰው ጉዳይ ማውራት ስለማይገባኝ ነው። ጓደኛዎ አይደሉ? ለምን እሳቸውን አይጠይቋቸውም?"

መርዕድን መጠየቅ! ከዚያስ መኪናዋን ተሸክሞ መሄድ ይቀለው ነበር። "ግጠሙልኝ ብያለሁ፤ ግጠሙልኝ!" ብሎ ፈርሞ ወጣ።

ትርንጎ ስትሰማ ራሷን ያዘች። "ሁለት ሰው የምትይዝ መኪና? ልጆቹን የት ልታስቀምጣቸው ነው፣ ጣሪያው ላይ?"

"ልጆቹን የትምህርት ቤት አውቶቡስ ይወስዳቸዋል።"

"እኔንስ?"

ስለ ልጆቹም ስለ ሚስቱም ያሰበው ነገር የለም። መኪናዋ እስክትደርስ ቀን ሲቆጥር ያስደሰተው ሐሳብ አንድ ብቻ ነበር፤ ከአጠገቡ አቁሟት ሞተሯን ሲያስጮኸው የመርዕድ ፊት እንዴት እንደሚገረጣ።

መኪናዋ የደረሰች ዕለት አሰግድ አዲስ ኮት ለብሶ ሄደ። የመሸጫው ባለሙያ ከአጠገቡ ተቀምጦ አነዳዷን ያሳየው ጀመር።

"ይህን ማንሻ ወደ ፊት ሲገፉት ፍሬን ይይዛል። ወደ ራስዎ ሲስቡት ነዳጅ ይሰጣል። እግርዎን ምንም ማንቀሳቀስ የለብዎትም።" ከዚያም ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ለመሆኑ እግርዎን ካመመዎት ቆየ? እግዚአብሔር ይማርዎ።"

"ማንን? እኔን? እግሬ ደኅና ነው።"

ሰውየው ግራ ገባው። "ታዲያ ይህን ለምን አስገጠሙት? ይህ እኮ እግሩ አልታዘዝ ላለው ሰው የሚገጠም ነው። ባለፈውም ለአቶ መርዕድ የገጠምነው ለዚያ ነው።"

አሰግድ እጁን ከመሪው ላይ አነሣ። መርዕድ ከመኪናው የማይወርደው ኮርቶ አልነበረም። መውረድ አቅቶት ነው። ለስላሳው ሞላ መንገጫገጭ አጥንቱ ድረስ ለሚሰማው ሰው ነው። ጀርባ የሚያሸው ወንበር እንዳሻው ብድግ ማለት ለማይችል ሰው ነው። ድሎት ብሎ አንጀቱ ያረረበት ነገር ሁሉ የአንድ በሽተኛ ማስታገሻ ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ መኪናዋን ከጎማ እስከ ጣሪያ ሲያያት ኖሮ ነጂውን አንድ ቀን እንኳ አላየውም። ከመኪናዋ ወርዶ በሩን እንኳ ሳይዘጋ በእግሩ ወደ ገበያ ሄደ።

መርዕድን በሱቁ ውስጥ ከጨርቅ ጥቅሎች መካከል ተቀምጦ አገኘው። ብርድ ልብስ ጉልበቱ ላይ ጣል አድርጓል። አሰግድ ሰላምታም ሳያስቀድም፣

"ለምን አልነገርከኝም?" አለው።

"በምን እግሬ መጥቼ? ከመኪና የሚያወርዱኝ ተሸካሚዎቹ ናቸው። እነሱ እስኪመጡ ላጫውትህ ብዬ ደጅህ እየቆምኩ ክላክስ አደረግሁ። አንተ ግን ጥለኸኝ ወደ ጓዳህ ገባህ።"

"ተሸካሚዎቹም ያውቃሉ?"

"የማያውቅ ማን አለ?"

እዚህ ላይ እንኳ፣ ይገርማችኋል፣ አሰግድ በተሸካሚዎቹ ቀና። "እነሱ እያወቁ እኔ!" አለ በልቡ። ወዲያው ግን በራሱ አፈረ።

"እንዲህ እያመመህ ይህችን መኪና ምን ልታደርጋት ገዛህ?"

"ሐኪሞቹ እጅህም እግርህን ይከተላል አሉኝ። ታውቀኛለህ፤ ቀስ ብዬ ሄጄ አላውቅም። እጄ እስኪከዳኝ ድረስ ነፋስ ፊቴን ይምታው ብዬ ነው። ትልቁን ሞተርም አሳይተውኝ ነበር፤ አንድ ቀን እጄ ቢዝልብኝ ሰው እገድላለሁ ብዬ ፈራሁና ተውኩት።"

አሰግድ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። "ቀንቼብህ ነበር" አለ። ይህችን ቃል ከአፉ ማውጣት ጥርስ ከመነቀል ይብስ ነበር።

"አውቃለሁ።"

"አውቀህ አልጠላኸኝም?"

"በምን አፌ? እኔም እኮ ቀንቼብህ ነበር።"

"በእኔ? በምኔ?"

"ጀርባህን ሰጥተኸኝ ስትገባ ሰው ሁሉ ንቀትህን ያይ ይሆናል። እኔ የማየው አረማመድህን ነበር። 'አቤት፣ ሲችልበት! እግሩ እንዴት ያምራል!' እላለሁ። ደግመህ ስትራመድ እንዳይህ ብዬ ሌላ ክላክስ አደርጋለሁ።"

አሰግድ ከመርዕድ ወንበር ሥር መሬት ላይ ተቀምጦ፣ ገዢው እያየው፣ እንደ ሕፃን ልጅ አለቀሰ።

ቅናቱ በዚያው ቀን ተነቅሎ ጠፋ ብል ውሸት ይሆንብኛል። እንዲህ ያለ በሽታ በአንድ ልቅሶ አይድንም። ባለ ስምንቱን መኪና ግን ሸጣት። ጠዋት ጠዋት መርዕድን ከመኪና የሚያወርደው እሱ ሆነ፤ ተሸካሚዎቹ እንኳ ሊያግዙት ሲመጡ "ተዉት፣ የእኔ ነው" ይላቸዋል። የመርዕድ እጅ እየደከመ ሲሄድ መሪውን አሰግድ ያዘ። ጣሪያውን ከፍተው ከከተማ ወጣ ይላሉ። መርዕድ ነፋሱ ፊቱን ሲመታው "ጨምር!" ይለዋል፤ አሰግድም እየፈራ ይጨምራል።

ቅናት ዕውር ነው የሚሉ አሉ። ዕውርስ አይደለም። ሰው የያዘውን ዕቃ አጥርቶ ያያል፤ ዕቃውን የያዘውን ሰው ግን አያይም። የሰውን ኑሮ ከሩቅ አይተን "ሁሉንም ለእኔም" ስንል፣ ከድሎቱ ጋር የተሰፋውን ሕመም አብረን ማዘዛችን አይታወቀንም። እኛ ንቀን የምንራመዳት እርምጃ ደግሞ ለዚያ ለቀናንበት ሰው የዕድሜ ልክ ምኞቱ ልትሆን ትችላለች።

እናንተስ፣ ስሙ ሲነሣ ሆዳችሁን የሚቆርጠው ሰው ማን ነው? "እንዴት ነህ?" ብላችሁ ጠይቃችሁት፣ መልሱን እስኪጨርስ የቆማችሁለት ለመጨረሻ ጊዜ መቼ ነው?