የተጎተተው ካባ

አንድ ጠበቃ ነበረ። የሚይዘው የቤተሰብ ጉዳይ ነበር፤ ፍቺ፣ ቀለብ፣ የልጅ ነገር። «ለደንበኛዬ ጉዳዩን ካሸነፍኩላት ሌላ ምን ይጠበቅብኛል?» ብለሽ ጠይቀሽኛልና፣ ልጄ፣ መልሱ የዚህ ሰው ታሪክ ነው፤ አዳምጪኝ።

ይህ ሰው አፈ ፈጣን ነበር። ዳኛው ጠይቀው ሳይጨርሱ እሱ መልሶ ይጨርሳል። ጓደኞቹ «አንተ እኮ ዳኛው ሳያስነጥሱ ነው ይማርዎ የምትለው» እያሉ ይቀልዱበት ነበር። እሱም ቀልዱን ይወደው ነበር።

አንድ ቀን አንዲት ሴት ልጇን አዝላ ቢሮው መጣች። ባሏ እየደበደበ አላስቀምጥ ብሏት፣ ሸሽታ ከአንድ ወፍጮ ቤት ጀርባ ክፍል ተከራይታለች። እዚያ የመረጠችው የወፍጮው ድምፅ የልጇን ለቅሶ ስለሚውጥላት ነው። በሩን በመቀርቀሪያ ትዘጋና፣ አላምን ብላ ደግሞ ሙቀጫ ታስደግፋለች።

«የት እንዳለሁ እናቴ እንኳ አታውቅም» አለችው። «ለእርስዎ ግን ነገርኩ።»

«ከእኔ አይወጣም» አላት። ከልቡ ነበር።

ቀጠሮው ደረሰ። ባልየው ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል፤ ላየው ሰው አንጀት ይበላል። ዳኛው ፍርድ እስኪሰጥ ድረስ አባት ልጁን ቅዳሜ ቅዳሜ እንዲያይ ፈቀዱና «ከየት ይረከበው?» ብለው ጠየቁ።

ሴትየዋ የጠበቃውን ካባ ከኋላ ያዝ አድርጋ ጎተተች። እሱ ፈርታ መሰለው። ዞር እንኳ ሳይል «ቆይ፣ እኔ አለሁ» አላትና እንደ ልማዱ ቶሎ መለሰ።

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ ከቤቷ ይውሰደው። ላይኛው ሰፈር፣ ወፍጮ ቤቱ ጀርባ ነው፤ ቅርብ ነው።»

ባልየው ያን ጊዜ ገና ቀና አለ። «እግዜር ይስጥልኝ» አለ፣ ጠበቃውን እያየ።

ውጭ ሲወጡ ሴትየዋ ፊቱ ቆመች። «ምነው ጋሼ? ጎተትኩዎት እኮ! ቀበሌ ይሁን ልልዎት ነበር።»

ጠበቃው ክው አለ። ተመልሶ ሊገባና ሊያስለውጥ አሰበ፤ ግን ዳኛው ሌላ ጉዳይ ጀምረዋል። «ምን ይሉኛል» ብሎ አፈረ። «አይዞሽ፣ ፍርድ ቤት የቀረበ ሰው ምን ያደርጋል?» አላት። እሷም አንቀልባዋን ጠበቅ አድርጋ ሄደች።

ባልየው ቅዳሜን አልጠበቀም። በማግስቱ በጠራራ ፀሐይ በሩን ገንጥሎ ገባ። ያ የልጇን ለቅሶ የሚውጥላት ወፍጮ የእሷንም ጩኸት ዋጠው። እህል ያመጡ ሴቶች ልጁ ደጅ ላይ ሲያለቅስ አይተው እስኪደርሱላት ክንዷ ተሰብሮ ነበር። ከሐኪም ቤት እንደወጣች ልጇን ይዛ ጠፋች። የት እንደምትሄድ ለማንም አልተናገረችም። ለጠበቃዋም።

ጠበቃው ግን አሸነፈ። ልጁ ለእናቱ ተፈረደ፣ ቀለብ ተቆረጠ፣ ባልየው እንዳይደርስባት ታዘዘ። የጠየቀችው ሁሉ ሆነ። ፍርዱን ይዞ እየሮጠ ወፍጮ ቤት ሄደና ያለችበትን ጠየቀ።

«አላውቅም» አለው ባለወፍጮው፣ ዱቄቱን ከቅንድቡ ላይ እየጠረገ።

«ጠበቃዋ እኮ ነኝ።»

«እሱም ባሏ ነኝ ብሎ ነው የመጣው» አለና ወደ ሥራው ዞረ።

እንግዲህ ልጄ፣ ማሸነፉንማ እሱም አሸንፏል። እንዲህ ያለች ሴት ቤቷን ስትነግርሽ የበሯን መቀርቀሪያ ነቅላ እጅሽ ላይ ማስቀመጧ ነው። ያቺ ሴት በእጇ ሙቀጫ ስታስደግፍ፣ እሱ በአፉ በሩን ከፈተው። አንቺ ከመመለስሽ በፊት ዞር ብለሽ ጠይቂያት፤ የሰውየውን ጠባይ ከአንቺም ከዳኛውም በላይ የምታውቀው እሷ ናት። ከተሳሳትሽ ደግሞ አፍረሽ አትቅሪ፤ ተመልሰሽ ግቢ። የዳኛ ቁጣ ያልፋል።

ያ ሰው ዛሬም ችሎት ፊት ሲጠየቅ ዝም ይላል አሉ፤ ካባውን የሚጎትት ሰው እንዳለ ወደ ኋላው ይዞራል። ማንም የለም።